ባለ ሁለት ጥቅል ወይስ አውቶትራንስፎርመር?

ከአሜሪካ የመጣ፣ በ110 ቮልት የሚሠራ 1100 ዋት ካውያ አዲስ አበባ ውስጥ በ220 ቮልት ሶኬት ሊሰካ ነው እንበል። (ካውያ ስለሆነ የ50 እና የ60 ኸርዝ ልዩነት አያሳስበውም።) ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ እሱም ወይ በሽቦ ያልተገናኙ ሁለት ጥቅሎች ያሉት (ባለ ሁለት ጥቅል) ነው፣ ወይ መግቢያውና መውጫው አንድ ጥቅል የሚጋሩበት (አውቶትራንስፎርመር)። ብክነቱን ከተውነው የሁለቱም ስሌት አንድ ነው፤ የሽቦ ዙሮቹ ንጥጥር 2 ለ 1 ሲሆን፣ ካውያው 10 አምፔር ይወስዳል፣ ከሶኬቱ የሚሳበው ግን 5 አምፔር ነው።

ልዩነቱ ያለው ሽቦው ላይ ነው። የባለ ሁለት ጥቅሉ ሁለተኛ ጥቅል 10 አምፔሩን በሙሉ ስለሚሸከም ወፍራም መዳብ ይፈልጋል፤ ይከብዳል፣ ይወደዳል። በአውቶትራንስፎርመር 5 አምፔሩ ከመስመሩ በቀጥታ ያልፋል፤ መግቢያውና መውጫው የሚጋሩት የጥቅሉ ክፍል የሚሸከመው ቀሪውን 5 ብቻ ነው። ታዲያ ይህ ክፍል ከተበጠሰ 220 ቮልቱ ወደ ዕቃው ይዘልቃል። እርጥብ እጅ ለሚነካው ዕቃ፣ ክብደቱን ችዬ ባለ ሁለት ጥቅሉን እመርጣለሁ።