ከመቅኔ ንቅለ ተከላ በኋላ ለቤት የሚሆን ቴርሞሜትር፦ የብብቱ ወይስ የግንባሩ?

የመቅኔ ንቅለ ተከላ ተደርጎላቸው ከውጭ አገር ወደ ጎንደር የተመለሱ እናት ወይም አባት ያሉበት ቤት ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ጫፉ ብረት የሆነው ተራው ዲጂታል ቴርሞሜትር ነው። ፒያሳ ካሉት ፋርማሲዎችም ሆነ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሉ አካባቢ ካሉት መጠየቅ ይቻላል። በኮሮና ጊዜ በየበሩ ግንባር ላይ ይደገን የነበረው መለኪያ ዋጋው ወደድ ስለሚል የተሻለ ይመስላል፤ ለዚህ ሥራ ግን አንመክረውም።

ከሌላ ሰው መቅኔ የወሰደ ታማሚ የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ለብዙ ወራት ይወስዳል። ነጭ የደም ሴል ሲያንስ ቁስል ላያመረቅዝ፣ የሳንባ ምች አክታ ላይኖረው ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የኢንፌክሽን የመጀመሪያው ምልክት፣ አንዳንዴም ብቸኛው፣ ትኩሳት ነው። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ትኩሳቱም ይደበቃል። እንዲህ ባለ ሰው ላይ የግማሽ ዲግሪ ስህተት ቀላል ነገር አይደለም። የግንባሩ መለኪያ የሚለካው የቆዳን ሙቀት ስለሆነ ላብ፣ የማለዳ ብርድ፣ ከፀሐይ መግባት፣ እናቶች የሚያስሩት ሻሽም ሳይቀር ያዛቡታል። ሊጠይቅ የመጣን ዘመድ በር ላይ ለመለየት ይሁን፤ ለታማሚው ግን አይታመንም። የሜርኩሪው መስታወት ልኬቱ ጥሩ ነው፤ ሲሰበር ግን መርዙ ቤት ውስጥ ይቀራል፣ አትግዙት።

ስትገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ ከፍታችሁ አብሩት። ሲበራ ለአፍታ የቁጥሮቹ መስመሮች በሙሉ መታየት አለባቸው፤ ሁሉም ቦታ 8 ማለት ነው። በደንብ እዩት። ከ8 የላይኛው ቀኝ መስመር ከጠፋ 6 ይመስላል፤ 38 የነበረው 36 ሆኖ ይነበባል። ይህ በርካሾቹ ላይ የሚያጋጥም፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው አደገኛ ጉድለት ነው። ቀጥሎ ሴልሺየስ መሆኑን አረጋግጡ፤ በፋራናይት የሚያሳይ ከሆነ 38 ማለት 100.4 ነው። የስህተቱ መጠን ከ0.1 ዲግሪ እንደማይበልጥ ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ይገኛል። መለዋወጫ ባትሪም አብራችሁ ያዙ፤ አብዛኞቹ ኤልአር 41 የምትባለዋን ትንሿን ክብ ባትሪ ይወስዳሉ።

አጠቃቀሙ ላይ ስህተት የሚበዛው በብብት ነው። ብብቱ ይደረቅ፣ የብረቱ ጫፍ መሃል ጉድጓዱ ላይ ቆዳ ይንካ እንጂ ልብስ አይንካ፣ ክንድ ደረት ላይ ይጠጋ። መሣሪያው ሙቀቱ መጨመሩን ለጥቂት ሰከንድ ሲያቆም ይጮሃል፤ ብብት ግን ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ከጮኸም በኋላ እስከ 5 ደቂቃ ድረስ አቆዩት። በአፍ የሚለካ ከሆነ ከቡናም ከሻይም በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ለንቅለ ተከላው በተሰጣቸው ኬሞቴራፒ የተነሳ አፋቸው የቆሰለ ከሆነ ብብት ይሻላል። በፊንጢጣ መለካት ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ያደማል፣ ጀርምም ያስገባል። ጠዋትና ማታ፣ እንዲሁም ሕመም በተሰማቸው ቁጥር ለኩና ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ጻፉት። ከለካችሁ በኋላ ጫፉን በ70 ፐርሰንት አልኮል ጥረጉ፤ የፈላ ውኃ ውስጥ አትንከሩት። ለታማሚው የተገዛው ለሌላ የቤተሰብ አባል አይዋል።

የብብት ልኬት ከአፍ በግማሽ ዲግሪ ገደማ ዝቅ ስለሚል 37.5 ካየን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግመን እንለካለን። 38 ከሆነ፣ ንቅለ ተከላውን የሠራው ሆስፒታል ሌላ ቁጥር ካልሰጠ በቀር፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ብርድ ብርድ ብሏቸው ከተንቀጠቀጡ፣ በተለይ ደረታቸው ላይ ያለው የደም ሥር ቱቦ ውስጡ በፈሳሽ ከታጠበ በኋላ፣ ወይም ግራ ከተጋቡ ቴርሞሜትሩ 36 ቢልም ጠብቁ አንልም። ሐኪም ሳያዝ ፓራሲታሞል አትስጡ፤ ቁጥሩን ያወርደዋል እንጂ ኢንፌክሽኑን አይነካም። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ባነሰበት ሰው ላይ ደም ያፈሳሉ፣ የሰውነት መከላከያን ከሚያዳክመው ታክሮሊመስ ከተባለው መድኃኒት ጋር ሲሆኑ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ሰፈር ክሊኒክ ሄዶ ትኩሳት ማብረጃ መርፌ ማስወጋትም አይቻልም፤ ጡንቻ ውስጥ ሊደማ ይችላል። «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ጨምቆ ማጠጣት በእኛ አገር የተለመደ ነው፤ ያልበሰለው ቅጠል የአፈር ጀርምና ሻጋታ ይይዛል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ሰዓት ያስበላል።

ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ መጀመሪያ የምትናገሩት «የመቅኔ ንቅለ ተከላ ተደርጎላቸዋል፣ ትኩሳት አላቸው» የሚለውን ነው። በደም ሥር የሚሰጠው አንቲባዮቲክ በደረሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት ወረፋ አትጠብቁ። የሕክምና ማጠቃለያውን፣ የመድኃኒቶቹን ዝርዝርና የሙቀት ደብተሩን ቴርሞሜትሩ ያለበት መሳቢያ ውስጥ አንድ ላይ አስቀምጡ፤ ማታ ከተማው ውስጥ የሚሠራ የባጃጅ ሹፌር ስልክም ደብተሩ ሽፋን ላይ ይጻፍ።