ጮቄን ለመውጣት ለምታስቡ፦ መጀመሪያ ለእኚህ ሰው ደውሉ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ምሥራቅ ጎጃም፣ ስናን ወረዳ፣ ሮብ ገበያ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ጮቄ ተራራ ላይ መውጣት ለሚፈልግ እንግዳ መንገድ ይመራሉ፣ ዕቃውን በበቅሏቸው ይጭናሉ። "ስሜን ኢንተርኔት ላይ እንዳታወጪው" ስላሉኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ።

አምና ከሌላ መሪ ጋር ወጥተን ነበር። ሰውየው ምንም ነገር አልጠየቀንም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ስኒከር አድርገን፣ አንድ አንድ ሊትር ውሃ ይዘን ተነሳን። ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ መሸብን። በሞባይል መብራት ድንጋይ እየዳበስን ወረድን። ወንድሜ እግሩ ወለም ብሎት ሁለት ሳምንት ሲያነክስ ከረመ። እናቴ "ሁለተኛ ጮቄ የሚባል እንዳልሰማ" ብላ ነበር።

ዘንድሮ ህዳር ላይ ግን የጋሼን ስልክ ከአንዲት ጓደኛዬ አገኘሁ። ማታ ከደብረ ማርቆስ ደወልኩላቸው። ስለ ዋጋ የምንነጋገር መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ስለ ጫማ ነው የጀመሩት። "ሶሉን በጣትሽ ዳብሺው። ጥርስ አለው?" አሉኝ። ስልኩን ይዤ ጫማዎቻችንን አንድ በአንድ ዳበስኩ። አንደኛዋ ጓደኛችን ለጉዞው ብላ አዲስ ቡትስ ገዝታ ነበር። "አዲሱን ትተወው፣ እግሯ የለመደውን ታድርግ" አሉ። ቀጥለው ደግሞ "ሁላችሁም ዛሬውኑ የእግር ጥፍራችሁን ቁረጡ" አሉን። ለምን እንደሆነ የገባኝ በማግስቱ ነው።

ከዚያ "ከየት ከየት ናችሁ?" ብለው ጠየቁ። እኔና ሁለቱ ጓደኞቼ የማርቆስ ነን። እህቴ ግን ያን ዕለት ነው ከባህር ዳር የገባችው። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ የጮቄ ጫፍ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ጋሼ ቁጥሩን አልጠሩም። "ከታች የመጣ ሰው እላይ ራሱን ያመዋል። እሷን እኔ አያታለሁ" ብቻ አሉኝ።

መጨረሻ ላይ ቃል አስገቡን። "6 ሰዓት ሲሆን የትም ብንደርስ እንመለሳለን። ራሱን ያመመው ሰው ካለ ከዚያም በፊት እንመለሳለን። በዚህ ካልተስማማችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።" ቁልቁለቱ ድንጋያማ ስለሆነ የዳገቱን ያህል ሰዓት እንደሚበላ፣ 12 ሰዓት ላይ ደግሞ ጀምበር እንደምትጠልቅ አስረዱኝ። አምና ይህን የነገረን ሰው ቢኖር ኖሮ!

በማግስቱ ንጋት ላይ ስንደርስ በቅሏቸውን ጭነው ጠበቁን። በሶ፣ ቆሎና ለእያንዳንዳችን ሦስት ሊትር ውሃ ይዘናል። ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ነበር። መጀመሪያ የገብስና የድንች ማሳ እናልፋለን፣ ከዚያ የአስታው ቁጥቋጦ ይመጣል፣ ከዚያ የጓሳው ሣርና ጅባራ የሚባለው ረጅም ተክል። ጅባራ በዕድሜዋ አንዴ ብቻ አብባ እንደምትደርቅ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ከድንጋይ ስር የምትንቆረቆር ውሃ ባገኘን ቁጥር ወዴት እንደምትወርድ በዱላቸው ያሳዩናል። ጨሞጋም ሙጋም ከዚሁ ተራራ ተነስተው ነው አባይ የሚገቡት። ማርቆስ ተወልጄ አድጌ ጨሞጋ ከየት እንደሚነሳ በዓይኔ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ጠጠሩ ጋ ስንደርስ ወሬ አስቆሙን። ጋሼ ድንጋይ ከመርገጣቸው በፊት በዱላቸው ጫፍ ገፋ ያደርጉታል። ከተነቃነቀ ያልፉታል። እኛም እንደዚያው እንድናደርግ ነገሩን። ደግሞ አንዳችን በሌላችን ራስ ላይ እንዳንሄድ ወደ ጎን ለያዩን፣ ከላይ ያለው ሰው የሚነቅለው ድንጋይ ከታች ያለውን እንዳይመታው ነው።

5 ሰዓት ተኩል ገደማ እህቴ ዝም አለች። እኔ የደከማት መስሎኝ ነበር። ጋሼ ግን አጠገቧ ሄደው "ልጄ፣ የት ጋ ነው የሚያምሽ?" አሏት። ግንባሯን ያዘች። ጫፉ ቁልጭ ብሎ ይታየናል፣ ቢበዛ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው የቀረን። እህቴ ራሷ "ደህና ነኝ፣ እንውጣ" ብላ ለመነቻቸው። "ማታ የተነጋገርነውን አስታውሺ" አሏትና የበቅሏቸውን አፍንጫ ወደ ታች መለሱት። ያኔ ከፍቶኝ ነበር። አልደብቅም።

ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት በጋቢያቸው ጫፍ መሬቱን ጠረግ አድርገው እግሬ ስር ተንበረከኩ። ደንግጬ እግሬን ሰበሰብኩ። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው! እሳቸው ግን የጫማዬን ክር ፈቱና ቁርጭምጭሚቴ ላይ ጠበቅ አድርገው እንደገና አሰሩት። ክሩ ከላላ እግር ወደፊት ይንሸራተታል፣ ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር እየተጋጨ ጥፍር ይነቅላል። የማታው የጥፍር ነገር ለካ ለዚህ ነበር። የአራታችንንም ክር እንዲሁ አሰሩልን።

የተወሰነ እንደወረድን የእህቴ ራስ ምታት ለቀቃት። 8 ሰዓት ላይ ዞር ብለን ስናይ ጫፉ የለም። ጉም ውጦታል። ቅድም ደርሰን የተመለስንበት ቦታም አይታይም። ጋሼ ምንም አላሉም፣ በሶ በጥብጠው ለእህቴ ሰጧት።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እህቴን በሰላም ለእናቴ አስረክበውልናል።

እሳቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን እልክላችኋለሁ። ቀን ማሳ ላይ ስለሚሆኑ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ደውሉ። ዋጋውን ቀድመው ይናገራሉ፣ መንገድ ላይ አይጨምሩም። የበቅሎዋ ለብቻ ነው። ክረምት አይወጡም፣ አትለምኗቸው። ከቆላ ወይም ከባህር ዳር የምትመጡ አንድ ሌሊት ሮብ ገበያ አድራችሁ ተነሱ። እህቴ ለጥር ቀጠሮ ይዛለች፣ አሁን ሁለት ሌሊት ነው የምታድረው።