የአንድ ቀን የሰሜን ተራሮች ጉዞ ከጎንደር፦ ከመኪና የት ያወርዱዎታል?

ጎንደር ውስጥ «የአንድ ቀን ሰሜን» እየተባለ የሚሸጠው ጉዞ ዋጋ ያለው ወይም ባዶ የሚሆነው ሾፌሩ በሚያወርድበት ቦታ ነው። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ካለው የሳንቃበር ካምፕ ድረስ ነድተው፣ ጭላዳ ዝንጀሮውን በመስኮት አሳይተው የሚመልሱ አሉ፤ እንዲህ ከሆነ የከፈሉት ለነዳጅ ነው። ገንዘብ ከመስጠትዎ በፊት «ከሳንቃበር በፊት ባለው ቡይት ራስ ላይ ወርደን በእግር፣ መኪናው ሳንቃበር ይጠብቀን» ብለው ይነጋገሩ።

እግር የሚያስወርደው አስታ የሚባለው ዛፍ ነው። ቅጠሉ ደቃቅ፣ ግንዱ ጠማማ፤ ከቅርንጫፉ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንዠረገገው ግራጫ ነገር ከጉም እርጥበት እየጠጣ የሚኖር ነው። ጫካው ከፈት ሲልና ሣር ሲመጣ ጭላዳ ይኖራል። ቁጭ ብሎ ሣሩን በሁለት እጁ ይነጫል፤ ያለበት ሲያልቅ ሳይነሳ በቂጡ ተንፏቆ ወደሚቀጥለው ይጠጋል። ቀስ ብሎ ለሄደ ሰው አይሸሽም። ምግብ ግን አይስጡት።

ከጎንደር እስከ ፓርኩ መግቢያ ከተማ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ካልተነሱ ቀኑ አይበቃም፣ ምክንያቱም ደባርቅ ላይ የመግቢያ ክፍያና የስካውት (አብሮ የሚሄድ የፓርክ ጠባቂ) ምደባ ጊዜ ይበላል። የኢትዮጵያዊ ዋጋ ከውጭ ዜጋው ስለሚያንስ መታወቂያ አይርሱ። አስጎብኚው «ሁሉም ተካቷል» ካለ መግቢያው፣ ስካውቱና የመኪናው ክፍያ አንድ በአንድ ይጠየቅ። ምሳ ሲያዝ የስካውቱም ይታሰብ፤ ይሄን የሚረሳው ብዙ ነው።

ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ፣ ሳንቃበር 3,250 ነው። በአንድ ጠዋት ይህን ያህል ሲወጡ ራስ ምታት አይገርምም። ደባርቅ ቁርስ በልተው፣ ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውኃ ይዘው፣ ሽቅብ ላይ ሳይቸኩሉ ይሂዱ። ማስመለስ ከጀመረ ግን መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ከሳንቃበር ወዲያ ያለው የጅንባር ፏፏቴ ለዓይን የሚሞላው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ በየካቲት ይቀጥናል። በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ገደሉን ስለሚሸፍነው ባይሄዱ ይሻላል።

ሻይ ለማፍላት አስታ ቆርጦ እሳት የሚያነድ ቡድን ካጋጠመዎት ያስቁሙት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 በዩኔስኮ አደጋ ላይ ባሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ የቆየ ነው፤ የእርሻውና የግጦሹ ጫና ሳያንስ የጎብኚ ማገዶ አይጨመርበትም። ሻዩን በፔርሙዝ ይያዙ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይም መኪናው ፊቱን ወደ ጎንደር ያዙር።