የሎስ አንጀለስ ወደብ ዓመታዊ የልቀት ቆጠራ፦ አንድ ሪፖርት ሲመዘን

ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚናገር ወደብ ብዙ ነው፤ ምን ያህል እንደሚበክል ምንጭ በምንጭ ቆጥሮ፣ የስሌቱንም መንገድ ዘርዝሮ ለማንም አንባቢ በነጻ የሚያቀርብ ግን ጥቂት ነው። የሎስ አንጀለስ ወደብ በየዓመቱ የሚያወጣው የአየር ብክለት ልቀት ቆጠራ ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ በመሆኑ የተለያዩ ዓመታት ሪፖርቶችን ጎን ለጎን አድርጌ አነበብኩ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቆጠራው 2005ን መነሻ ዓመት አድርጎ አምስት የልቀት ምንጮችን ለየብቻ ያሰላል፤ እነሱም ውቅያኖስ አቋራጭ መርከቦች፣ በወደቡ ዙሪያ የሚሠሩ ጎታችና ሌሎች ጀልባዎች፣ የጭነት ማንሻ መሣሪያዎች፣ ባቡሮችና ከባድ መኪኖች ናቸው። ስሌቱ የሚነሣው ከእንቅስቃሴ መዝገብ ነው። የመርከቡ ፍጥነት መርከቡ ራሱ ከሚያሰራጨው የመገኛ ምልክት ይወሰዳል፤ ሞተሩ በምን ያህል ጉልበት ለስንት ሰዓት እንደሠራ ይሰላል፤ ውጤቱም ሞተሩ ለእያንዳንዱ የኃይል አሃድ በሚለቀው የጭስ መጠን ይባዛል። መርከብ ፍጥነቱን ሲቀንስ ከሞተሩ የሚፈለገው ጉልበት ከፍጥነቱ ይልቅ እጅግ በበለጠ መጠን ስለሚወርድ፣ ከ20 ኖት (ኖት የመርከብ ፍጥነት መለኪያ ነው) ወደ 12 ኖት የቀነሰ መርከብ ዋና ሞተሩን የሚያሠራው በቀድሞው ጉልበት አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ወደቡ ከ2001 ጀምሮ መርከቦች ወደ ጠረፍ ሲቃረቡ ከ12 ኖት እንዳያልፉ የሚያበረታታውም ለዚህ ነው።

ሪፖርቱን ያስወደደኝ ደግሞ መርከቡ ቆሞ ሳለ የሚሆነውን የያዘበት ጥንቃቄ ነው። መርከብ ወደብ ላይ ታስሮም ቢሆን ለመብራቱ፣ ለፓምፑና ለማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮቹ ኤሌክትሪክ ስለሚያስፈልገው ረዳት ሞተሮቹ ሌት ተቀን ጭስ ይተፋሉ። በ2004 ወደቡ የኮንቴይነር መርከቦች ከየብስ ኤሌክትሪክ የሚያገኙበትን አሠራር ጀመረ፤ ወፋፍራም ኬብሎች ከመርከቡ ጋር ይያያዛሉ፣ ኃይሉ ከየብስ መሆኑ ይረጋገጣል፣ ከዚያም ረዳት ሞተሮቹ ይጠፋሉ። የእንፋሎት ማሞቂያው ግን ነዳጅ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ቆጠራው ይህን ሳይዘነጋ የማሞቂያውን ልቀት ለብቻው ማስላቱ፣ ኬብል የተሰካለትን መርከብ ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ ከመደምደም አድኖታል።

ወደ ዋናው መለኪያ ስንመጣ፣ ሪፖርቱ ጠቅላላውን ልቀት በቶን ከገለጸ በኋላ በባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ልክ ለየ10,000ው ስንት ቶን እንደ ደረሰ ያሳያል። ከ2005 ወዲህ የናፍጣ ጥቀርሻ ከ80 በመቶ በላይ፣ የሰልፈር ኦክሳይድ ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል። ከዚህ ጀርባ በ2008 አሮጌ የጭነት መኪኖችን ማገድ የጀመረው እርምጃና በ2015 በሰሜን አሜሪካ ጠረፍ የመርከብ ነዳጅን የሰልፈር መጠን ወደ 0.1 በመቶ ያወረደው ደንብ አሉ። የሙቀት አማቂ ጋዞች ቅናሽ ግን ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ነዳጁ ቢጣራም የሚቃጠለው ያው ነዳጅ ነውና።

በኔ አስተያየት በኮንቴይነር የሚሰላው ቁጥር ብቻውን ሊታመን አይገባም። ወደቡ አጠገብ በዊልሚንግተንና በሳን ፔድሮ የሚኖር ቤተሰብ የሚተነፍሰው ጠቅላላውን ጭስ እንጂ ለኮንቴይነር የተካፈለውን አይደለም። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ሪፖርት መቅረባቸው ስለዚህ ትልቅ ዋጋ አለው። በ2021 ወደቡ በባለ 20 ጫማ ልክ 10.7 ሚሊዮን ገደማ ኮንቴይነር ሲያስተናግድ፣ ተራ የሚጠብቁ መርከቦች መልሕቅ ጥለው ረዳት ሞተሮቻቸውን ሲያሠሩ ስለ ከረሙ ልቀቱ ካለፈው ዓመት በእጅጉ ጨመረ፤ ሪፖርቱም ይህን ሳይሸፍን ጽፎታል። የዚያው ዓመት ኅዳር ላይ መርከቦች ከጠረፉ ርቀው ተራቸውን እንዲጠብቁ ተደረገ። ለነዋሪው እፎይታ ነው፤ ነገር ግን ከቆጠራው ወሰን ውጭ የሚቃጠል ነዳጅ ሠንጠረዡ ውስጥ አይገባም።

ትልቁ ቅሬታዬም ይኸው የወሰን ጉዳይ ነው። መኪናው የሚቆጠረው ጭነቱ በአካባቢው የአየር ተፋሰስ (አንድ አየር በሚጋራው ክልል) ውስጥ መጀመሪያ እስከሚያርፍበት ቦታ ድረስ ብቻ በመሆኑ፣ ከመጋዘን ወደ መጋዘን የሚደረገው ቀጣይ ጉዞ ይቀራል። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ንግዷ በጅቡቲ በኩል ለሚያልፍ እንደ ኢትዮጵያ ላለች አገር ይህን ዘዴ እንዳለ መውሰድ፣ እስከ መሀል አገር የሚዘልቀውን የመኪና ጭስ ከሒሳቡ ማውጣት ይሆናል።

የስሌት ዘዴ በተሻሻለ ቁጥር የቀደሙት ዓመታት በአዲሱ ዘዴ እንደገና መሰላታቸው ሊመሰገን ይገባል። አንባቢ ግን ከአሮጌ ሪፖርት የቀዳውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር እንዳያነጻጽር ይጠንቀቅ፤ የሁሉንም ዓመታት ቁጥር ከቅርቡ ሪፖርት ይውሰድ። ከመነሻው ዓመት ጋር የሚያነጻጽረውን ሠንጠረዥ ከማየቱም በፊት ካለፈው ዓመት ጋር የሚያነጻጽረውን ቢያነብ ይሻለዋል፤ የ2021 ጭማሪ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው።