ለሰፈራችን ጎሚስታ፦ ስለ ልጆቼ ሮኬት አመሰግናለሁ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ለምትኖሩ ሁሉ አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ፤ በዚያውም በሰው ፊት ላመሰግናቸው። ጎሚስታ ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ልጆቼ እንደሚጠሯቸው «ጋሼ» እላቸዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በውሃ ሮኬት ነው። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ ስለ ኒውተን ሦስተኛ ሕግ (አንድ ነገር ሌላውን ሲገፋ እሱም በተቃራኒው ይገፋል ስለሚለው) ተምራ መጣችና ለወንድሟ ሮኬት እሠራለሁ ብላ ቃል ገባች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ውሃ ጨመርን፣ አፉን በወይን ጠርሙስ ቡሽ ደፈንን፣ ቡሹን በኳስ መንፊያ መርፌ ወጋን፣ ከዚያም ዘቅዝቀን አቁመን መንፋት ጀመርን። ውሃው በቡሹ ጎን እየተንጠባጠበ መሬቱን አራሰው እንጂ ጠርሙሱ ንቅንቅ አላለም። አራት ጊዜ ሞከርን። ትንሹ ልጄ ሊያለቅስ ሲደርስ እህቱ «ንፋስ የሚያውቅ ሰው እንፈልግ» አለች። ወደ ጋሼ ሄድን።

ስንደርስ አንድ ሚኒባስ በክሪክ አንሥተው ጎማ እየፈቱ ነበር። ሥራቸውን ጨርሰው ባለታክሲውን ከሸኙ በኋላ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና ጠርሙሱን ተቀበሉ። ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ከዓይኔ አይጠፋም። የተበሳ ጎማ የሚፈትሹበት ውሃ የሞላ ሳፋ አለ፤ የጠርሙሱን አፍ ከነቡሹ እዚያ ውስጥ ነከሩና ልጄን «ንፊ» አሏት። ሁለት ጊዜ እንደነፋች በመርፌው ዙሪያ ጥቃቅን አረፋዎች ተከታትለው ወጡ። «አየሽ ልጄ? በዚህ እያመለጠሽ ነው። ያመለጠ ንፋስ ጉልበት የለውም።» ልጆቹ ሳፋው ላይ እንዳቀረቀሩ ቀሩ።

ከተጣለ የብስክሌት ከመነዳሪ ላይ ቫልቩን ከሥሩ ካለው ክብ ጎማ ጋር ቆርጠው አወጡ። ቡሹን በጋለ ብረት በሱና ቫልቩን አሳለፉበት፤ ጎማውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ማስቲሽ ቀቡት። ትንሹ ልጄ ቶሎ ይለጠፍ ብሎ ሲቸኩል «ማስቲሽ ጠፈፍ ሳይል የተለጠፈ አይዝም፤ እንታገሥ» ብለው አጠገባቸው አስቀመጡት።

ጠርሙሳችንም አልጸደቀም። ይዘን የሄድነው የውሃ ሃይላንድ ነበር። የውሃ ጠርሙስ ስስ ነው፣ ግፊት ሲበዛበት ይቀደዳል፤ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ግን የጋዙን ግፊት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ከሥሩ እንደ እግር የወጡት አምስት እብጠቶችም ለዚሁ ናቸው። ባለ 2 ሊትሩን ከጎረቤት ሱቅ አመጣን። ውሃው ከሢሶው እንዳይበልጥ፣ ማለትም ሁለት ብርጭቆ ተኩል ያህል እንዲሆን ነገሩን። የቀረው ቦታ ለንፋሱ ነው፤ የታመቀው ንፋስ ውሃውን ወደ ታች ሲተፋው ጠርሙሱ ወደ ላይ ይገፋል።

ትንሹ ልጄ የተወለደው በ2012 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን ከቻይና ወደ ሕዋ በመጠቀችበት ዓመት ነው። ሳተላይቷን የራሱ አድርጎ ይቆጥራታል። «ጋሼ፣ ይሄኛው እሷ ጋ ይደርሳል?» ሲላቸው ሳይስቁበት ተቀምጠው መለሱለት፦ «እሷን የወሰዳት ሮኬት የሚተፋው እሳት ነው፣ ያንተ ውሃ ነው። እሷ ጋ አይደርስም፤ አገፋፉ ግን አንድ ነው።»

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን እምቢ ስላሉን ነገሮች ነው። ልጁ በኮምፕሬሰር ይሞላልኝ ብሎ ለመናቸው፤ አልፈቀዱም። ኮምፕሬሰር ለመኪና ነው፣ ጠርሙስ ግን መለኪያ ባለው የእጅ መንፊያ ተነፍቶ ግፊቱ ከ3 ባር ማለፍ የለበትም አሉ። የሮኬቱ አፍንጫ እንዲከብድ ጎማ ባላንስ የሚያደርጉበትን የእርሳስ ብረት ስንጠይቃቸውም «ሲወርድ የሰው ራስ ላይ ነው» ብለው ከለከሉን፤ በምትኩ የከመነዳሪ ቁራጭ ጠቅልለው ሰጡን፤ ይከብዳል፣ ግን ለስላሳ ነው። 4 ሜትር የሚሆን ቱቦ ከመንፊያው ጋር አገጣጥመው አዋሱንና ሳይተኮስ ቢቀር እንኳ ማንም ጠርሙሱ ላይ እንዳያጎነብስ አስጠነቀቁን። ሒሳብ ስጠይቅ «ለልጅ ንፋስ አይሸጥም» ብለው እጄን መለሱት።

እሑድ ጠዋት ሜዳው ላይ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ተሰብስበው ነበር። ቡሹ ጧ ብሎ ሲለቅ ውሃው በአንድ ጊዜ ተረጨና ሮኬቱ ከአራተኛው ፎቅ በላይ ወጣ። ስምንት ጊዜ ተኮስን። ልጄ የውሃውን መጠን እየለዋወጠች በደብተሯ መዘገበች፦ ውሃ ከሌለው ፈንጠር ብሎ ይወድቃል፣ እስከ አፉ ሲሞላ ከመሬት ብዙም አይነሣም፣ ሢሶው ግን ከሁሉም በለጠ።

ለመኪናችሁም ይሁን ለብስክሌታችሁ ወደ እሳቸው ሂዱ። ባለፈው ዓመት አንድ ሌላ ቦታ ጎማሽ አብቅቷል፣ አዲስ ግዢ ተብዬ ነበር። ጋሼ ፈትሸው ሚስማሩን ነቅለው በእጄ ሰጡኝ፤ በአንድ ልጥፍ እስካሁን እየነዳሁበት ነው። ቡሎኖቹን በመስቀለኛ እያፈራረቁ ያጠብቃሉ፣ ጥቂት ቀን ነድታችሁ ለድጋሚ ማጥበቅ እንድትመለሱ ያሳስባሉ፣ ሳትጠይቋቸውም የስኮርታውን ንፋስ ያዩላችኋል።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ቦታው ከዋናው መንገድ ዳር ነው፤ በነጭ ቀለም «ጎሚስታ» ተብሎ የተጻፈበት አሮጌ ጎማ በሩ ላይ ቆሟል። ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ ጠዋት ታክሲዎች ይሰለፉባቸዋል።