የአጋም ችግኝ ለግቢ አጥር፦ በደሴና በኮምቦልቻ ሲመዘን

ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እሾሁ ፍየልና ሌባ የሚመልስ፣ ፍሬውም ለዓይን የሚያምር አጥር ፈልጎ ችግኝ መሸጫ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ የፈረንጅ ጥድ ወይም ዱራንታ ይዞ ይመለሳል። ሆሊ የሚባለውን፣ ቅጠሉ የማይረግፍ ባለ ቀይ ፍሬ የአውሮፓ ተክል በፎቶ አይቶ የሚጠይቅም አለ። ለዚህ ሁሉ ፍላጎት፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ግቢ፣ አንደኛ የምንለው አጋምን ነው። እንከን የለውም ማለታችን አይደለም። አዝጋሚ ነው፤ ሲገዛ ደግሞ ከሌላ ተክል ጋር ይምታታል። ይህ ሁለተኛው ለሕይወት የሚያሰጋ ስለሆነ ከታች በሰፊው እንመጣበታለን።

መጀመሪያ የሆሊን ነገር እንጨርስ። የአውሮፓው ሆሊ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ነው። ቀዩን ፍሬ የምትይዘው ሴቴዋ ስትሆን፣ እሷም በአቅራቢያዋ ወንዴ ከሌለ ባዶዋን ትቀራለች። ዘሩ ለወራት ሙቀት፣ ቀጥሎ ለወራት የፍሪጅ ያህል ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ በአገሩ እንኳ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው። የደሴ ውርጭ ሌሊት ወርዶ ፀሐይ ስትወጣ ስለሚለቅ ያንን የወራት ቅዝቃዜ አይተካም፤ ዘሩን በእርጥብ አሸዋ ለውሶ ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት ግድ ነው። ፍሬው ልጅ ቢበላው ያስመልሰዋል፣ ሆዱንም ይረብሸዋል። ችግኙን ከውጭ ማስመጣት ደግሞ የማስገቢያ ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። ለአጥር ሲባል ይህን ያህል መድከም አይገባም።

የሆሊ የቅርብ ዘመድ አገራችን ውስጥም አለ፤ ምስር ገንፎ ይሉታል፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኢሌክስ ሚቲስ። ቅጠሉ አይረግፍም፣ የቅጠሉ አንገት ወደ ቀይ ያደላል፣ ፍሬው ቀይ ነው፣ እሱም ወንዴና ሴቴ አለው። እሾህ ግን የለውም፤ ካልተገረዘ ትልቅ ዛፍ ይሆናል፤ ተፈጥሮው የወንዝ ዳር ስለሆነም በበጋ ብዙ ውሃ ይፈልጋል። የቦርከናን ወንዝ ለተጠጋ ወይም ምንጭ ላለበት ግቢ እንመክረዋለን። ቧንቧ በፈረቃ ለሚጠብቅ ቤት አይሆንም።

አጋም ወፍራም ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚወጣ ጠንካራ እሾህ፣ ሽታው የሚያውድ ነጭ አበባና ከቀይ ወደ ጥቁር የሚበስል ፍሬ ያለው የአገር ቁጥቋጦ ነው። ሥር ከያዘ በኋላ ድርቅ ይችላል፣ ሲቆረጥ ከግንዱ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ የበሰለ ፍሬውን ልጆች ይበሉታል። ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲገቡ አየሩ እንደሚለወጠው ሁሉ የአጋሙም ጠባይ ይለወጣል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ይመቸዋል። ደሴ ግን 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ አጋም ከሚወደው ከፍታ ጫፍ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ደሴ ላይ በዝግታ ያድጋል፤ ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ወርዶ በሚተኛባቸው ዝቅተኛ ቦታዎችም ለጋ ቅጠሉን ውርጭ ያጠቁረዋል። ተዳፋት ላይ ያለ ወይም ከግንብ ጥግ የሆነ ቦታ ይሻለዋል። ወገብ የሚደርስ ጥቅጥቅ ያለ አጥር ለማየት በሁለቱም ከተማ ከ3 ዓመት ያላነሰ ትዕግሥት ይጠይቃል።

አሁን ወደ ግዢው። ሻጭ የሚያሞግሰው ቁመትን ነው፤ ረጅሙ ችግኝ ግን ብዙ ጊዜ መጥፎው ነው። ላስቲኩ ትንሽ ሆኖ ተክሉ ሜትር ሊሞላ የቀረበ ከሆነ ሥሩ ውስጥ ለውስጥ ተጠምጥሟል። እንዲህ ያለው ከተተከለ በኋላ ዓመት ሁለት ዓመት ደህና መስሎ ይቆይና በበጋ ይደርቃል፤ የተጠመጠመው ሥር ወደ ውጭ ሳይዘረጋ ራሱን ያንቃልና። ከ25 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር የሚሆነውን ምረጡ። የላስቲኩን ታች ገልብጣችሁ እዩ፤ ወፍራም ሥር ቀዳዳውን በስቶ ወጥቶ መሬት ከያዘ፣ ሲነሳ ሥሩ ተበጥሷል ማለት ነው። ግንዱን በጣት ነቅነቅ አድርጉ፤ አፈሩ ሳይነቃነቅ ግንዱ ብቻ ከዞረ በቅርቡ ተነቅሎ የተዛወረ ነው። ከተቻለ አንዱን ገዝቶ ላስቲኩን ቀድዶ ማየት ከሁሉ ይበልጣል። ነጭ ቀጫጭን ሥር በአፈሩ ዙሪያ ከታየ ጥሩ ነው፤ ሥሩ ከላይ እንደ መንጠቆ ከታጠፈ ግን ሲዛወር ተጣጥፎ ተተክሏልና አብረውት የፈሉትን ችግኞች በሙሉ ተዉ።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚታየው ግን እሾሁ ነው። ምረንዝ የሚባለው ቁጥቋጦ አጋምን በጣም ይመስላል፦ የሚያብረቀርቅ ጥንድ ቅጠል፣ ነጭ ወተት፣ የሚያውድ ነጭና ሮዝ አበባ፣ ሲበስል የሚጠቁር ፍሬ። ልብ የሚያቆም ብርቱ መርዝ አለው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ለቀስት መርዝ ሲቀመምበት የኖረ ነው። የሚለየው እሾህ ስለሌለው ነው። ስለዚህ ሻጩ ምንም ቢምል፣ ጥንድ እሾህ በግልጽ ያልታየበትን ችግኝ አጋም ነው ብላችሁ ልጅ በሚጫወትበት ግቢ አታስገቡ። «ገና ለጋ ስለሆነ ነው» የሚለውን ምክንያት አትቀበሉ፤ እሾሁ እስኪታይ እዚያው መሸጫው ይቆይ።

ችግኝ ካጣችሁ ራሳችሁ ማፍላት ትችላላችሁ። ጥቁር ሆኖ የበሰለውን ፍሬ ጨፍልቃችሁ ወተቱና ሥጋው እስኪለቅ እጠቡ፣ ዘሩን በጥላ አጠንፍፉና ሳታቆዩ ዝሩ፤ የተቀመጠ ዘር የመብቀል አቅሙ ቶሎ ይደክማል። የላስቲኩ አፈር 3 እጅ የደን አፈር፣ 2 እጅ ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ ይሁን። ዘሩ 1 ሴንቲ ሜትር ይቀበር።

ተከላው ዝናቡ ከተደላደለ በኋላ፣ በሐምሌ ቢሆን ይመረጣል። የበልግ ዝናብ ሲጥል የሚተክሉ አሉ፤ በልጉ ከተቋረጠ ግን እስከ ሐምሌ በጀሪካን ማጠጣት እንዳለ አስቡ። ለነጠላ መስመር 40 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍራችሁ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ትከሉ፤ ለ10 ሜትር አጥር 21 ችግኝ ይገባል፣ ለመተኪያ 3 ጨምሩ። ውሻ የማያሳልፍ አጥር የሚፈልግ በሁለት መስመር፣ በየ60 ሴንቲ ሜትሩ፣ እያፈራረቀ ይትከል፤ ያኔ ለ10 ሜትር 33 ይሆናል። ከተቆፈረው አፈር ለሁለት እጁ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅሉ። ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል። ላስቲኩን ቀድዳችሁ አውጡ፤ ከነላስቲኩ የሚተክል ሰው ዛሬም አለ፣ ያ ተክል ተገድሎ ነው የተተከለው። አንገቱ ላስቲኩ ውስጥ ከነበረበት በታች አይቀበር።

ዋልካ፣ ማለትም ውሃ የሚቋጥር ጥቁር ጭቃ አፈር ላይ ጉድጓድ ብቻ ቆፍሮ መትከል ስህተት ነው። ጉድጓዱ በክረምት እንደ ገንዳ ውሃ ይይዛል፣ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፣ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ይቢጫል፤ ባለቤቱ ደግሞ ውሃ ያነሰው መስሎት ይጨምርለታል። 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ እላዩ ላይ መትከል ይፈታዋል። የጦሳ ተራራ ግርጌ ተዳፋት ላይ ችግሩ ተቃራኒ ነው፦ ውሃው ሳይሰርግ ያልፋል፤ ስለዚህ መስመሩ ቁልቁለቱን አቋርጦ ይሂድ፣ ከታች በኩልም የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው እርከን ይሠራለት።

የመጀመሪያው በጋ ወሳኝ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ደሴ ላይ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ኮምቦልቻ ላይ ሁለት ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ 5 ሊትር። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለ4 ተክል ይበቃል፤ የ10 ሜትሩ ነጠላ መስመር በአንድ ማጠጣት አምስት ጀሪካንና ትንሽ ጭማሪ ይወስዳል። እርጥበቱ እንዳይተን በተክሉ ዙሪያ አፈሩ ላይ የሚነጠፈው ጉዝጓዝ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ። ምስጥ ባለበት ቦታ ጭድና ደረቅ አገዳ ከመጎዝጎዝ የበሰለ ኮምፖስት መበተን ይሻላል። እሾሁ ሳይጠነክር ፍየል ለጋውን ስለምትጨርሰው ለመጀመሪያው ዓመት የደረቀ የግራር ቅርንጫፍ ይከለልበት።

ገረዛ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ለመቁረጥ በመሰሰት ነው። ተክሉ 40 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ከአናቱ አንድ ሦስተኛውን ቁረጡ። ካልተቆረጠ ወደ ላይ ይሮጥና እግሩ ራቁቱን ይቀራል፤ ውሻም ዶሮም የሚሾልከው በዚያ ነው። ከዚያ በኋላ አዲሱ ቅርንጫፍ 20 ሴንቲ ሜትር ባደገ ቁጥር ግማሹን። ቅርጹ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ይበል፤ ለምሳሌ 60 በ40 ሴንቲ ሜትር። ከላይ ከሰፋ ጥላው የታችኛውን ቅጠል ያጠፋዋል። ደሴ ላይ ከነሐሴ ወዲያ አትግረዙ፤ አዲስ የሚወጣው ለጋ ውርጭ ላይ ይደርሳል። ፍሬ የሚፈልግም አንዱን ጎን ይተወው፤ ሁሌ የሚከረከም አጋም አበባው አብሮ ይቆረጣል። ስትሠሩ የቆዳ ጓንት አድርጉ፣ ወተቱ ዓይን እንዳይገባ ተጠንቀቁ። የተቆረጠውን ዕለቱን ሰብስቡ፤ እሾሁ ደርቆም የባጃጅ ጎማ ይበሳል።

«አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» የሚለው ተረት የአትክልተኛ ምክርም ነው። አሮጌ የቁልቋል አጥሩን ሳይነቅል አጋም የሚደርብ ሰው ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ያራርቀው፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እሾሁ ቁልቋሉን እየወጋ ወተቱን ያፈሰዋል፣ ቁስሉም የመበስበስ በር ይሆናል። ከእግረኛ መተላለፊያም ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ።

ተቀናቃኞቹን በአጭሩ፦ የፈረንጅ ጥድ ፈጥኖ ያድጋል፣ ግን ቅጠል የሌለው አሮጌ እንጨቱ ድረስ ከተቆረጠ መልሶ አያቆጠቁጥም፣ የጥድ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ሲገባበትም ቅርንጫፍ ቅርንጫፉ እየቀላ ይደርቃል። ዱራንታ ለኮምቦልቻ ያምራል፤ ደሴ ላይ ውርጭ ይጎዳዋል፣ ቢጫ ፍሬውም መርዛማ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ መጋረጃ ለሚፈልግ ሰው አጋም አይሆነውም፤ ግንቡን ወይም ቆርቆሮውን ሳያነሳ ከውስጥ በኩል ይትከለውና ሦስተኛው ክረምት ሲያልፍ ይወስን።