የሙዚቃ ቢዝነስ ዲግሪ ያዋጣል? ተምሮ የጨረሰ ሰው ግምገማ

ከ10 ሰባት እሰጠዋለሁ። ሰባቱን ያመጡለት ሦስት ኮርሶችና አንድ ኢንተርንሺፕ ናቸው። የቀረው ትምህርት ባይኖር ኖሮ የሚጎድልብኝ ነገር አልነበረም። የኮሌጁን ስም አልጠራም። የምወቅሰው ነገር አለኝ። ደግሞ ከሌላ ኮሌጅ ከወጡ የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስናወራ ወሬያችን አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱን ብቻ ነጥሎ መምታት ግፍ ይሆናል።

ስለ እኔ ትንሽ። ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ጎበዝ ነኝ፣ ግን ቤዝ ለመስማት ብሎ ትኬት የሚቆርጥ ሰው የለም። አሁን የምሠራው የዘፈን መብት በሚያስተዳድር ድርጅት ውስጥ፣ ሮያሊቲ ክፍል ነው፤ ሮያሊቲ ማለት ዘፈን በተሠራበት ቁጥር ለባለመብቱ የሚከፈለው ድርሻ ነው። ቀኑን ሙሉ ኤክሴል ላይ ተጥጄ እውላለሁ። ዘፋኝ በአካል የማገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ተቆጥቶ ሲመጣ። ቅሬታ እንዳይመስላችሁ፣ ሥራዬን እወደዋለሁ። ግን ክፍላችን ውስጥ አብዛኛው ተማሪ የገባው የትልቅ አርቲስት ማኔጀር ለመሆን ነበር። የኮሌጁ ብሮሹር ላይ ያለውም ፎቶ መድረክ፣ መብራትና እጁን ያነሳ ሕዝብ ነው። ኤክሴል ላይ ያፈጠጠ ሰው የለበትም።

ሥራው ያለው ግን እዚያ ነው። መብት ማስተዳደር፣ ዘፈን ለስትሪሚንግ ማከፋፈል፣ ለፊልምና ለማስታወቂያ ፈቃድ መስጠት፣ ትኬት፣ የቱር ሂሳብ። ማኔጀር ለመሆን ማንም ዲግሪ አይጠይቅም። አንድ አርቲስት "አንተ ያዝልኝ" ካለህ ማኔጀር ነህ፣ በቃ። ውል አንብቦ የሚገባው ሰው የሚፈለግበት ቢሮ ለመግባት ግን ትምህርቱ በር ይከፍታል። እኔን ከፍቶልኛል።

ምርጡ ኮርስ የቅጂ መብት ነበር። መምህራችን ጠበቃ ናቸው። ቀን ቢሮ ውለው ማታ ነው የሚያስተምሩን። ድካሙ ፊታቸው ላይ ይነበባል፣ ቀልድ ግን አያልቅባቸውም። የመጀመሪያ ቀን የነገሩን ነገር እስካሁን እንጀራዬ ነው፦ የተቀረጸ ዘፈን አንድ ንብረት ሳይሆን ሁለት ነው። አንደኛው ግጥምና ዜማው ነው፤ የደራሲዎቹ ነው። ሁለተኛው ቀረጻው ነው፤ ማስተር የሚባለው። ሁለቱ የተለያየ ባለቤት ሊኖራቸው ይችላል፣ ገንዘቡም በተለያየ መንገድ ነው የሚመጣው። ይህንን ያልለየ ሰው ሙዚቃ ውስጥ ሃያ ዓመት ቢቆይም የት እንደተበላ አያውቅም።

ምሳሌያቸው ቴይለር ስዊፍት ነበረች። የመጀመሪያዎቹን ስድስት አልበሞቿን ያወጣላት ድርጅት በ2019 ሲሸጥ ማስተሮቹ አብረው ተሸጡ። እሷ ከ2021 ጀምሮ እነዚያኑ ዘፈኖች እንደ አዲስ እየቀረጸች ማውጣት ጀመረች። ማንም ሊያስቆማት አልቻለም። የግጥሙና የዜማው መብት ከማስተሩ ጋር አልሄደም፤ በውሏ ላይ ድጋሚ መቅረጽን የሚከለክለው ጊዜም አልፏል። ክፍሉ ውስጥ የእሷ አድናቂዎች ታሪኩን ሁሉ በቃላቸው ያውቁት ነበር፤ የትኛው መብት የማን እንደሆነ ግን የገባቸው ያን ቀን ነው።

ሌላም የማልረሳው አለ። በ1847 ፓሪስ ውስጥ ኤርነስት ቡርዤ የሚባል የዘፈን ደራሲ ካፌ ገብቶ ይቀመጣል። የራሱን ዘፈን ይጫወታሉ። ሂሳብ ሲመጣለት አልከፍልም አለ። እናንተ ለሥራዬ ካልከፈላችሁኝ እኔስ ለመጠጣችሁ ለምን እከፍላለሁ ነው ነገሩ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ሰውየው ረታ። በ1851 ሳሴም ተቋቋመ፤ የደራሲዎችን ገንዘብ የሚሰበስብ ማኅበር ነው፣ ዛሬም አለ። በ1914 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ አስካፕ፣ እንግሊዝ ውስጥ ፒ አር ኤስ ተከተሉ። እኔ ዛሬ ደመወዝ የምበላው በዚያ ሰውዬ እልህ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ማታ እኚሁ መምህር አራት አራት ሆነን ቁጭ እንድንል አደረጉ። አንድ አዝማችና አንድ ስንኝ ሥሩ አሉን። ሠራን፤ መጥፎም አልነበረም። ከዚያ ብጣሽ ወረቀት አደሉንና "ከዚህ ዘፈን የእናንተ ድርሻ ስንት ፐርሰንት ነው? ሳትተያዩ ጻፉ" አሉ። ግጥሙን የጻፈችው 50 አለች። ዜማውን ያወጣው 40። ኪቦርድ ላይ የነበረው 30። እኔ 25 ጻፍኩ። ተደመረ፣ 145 ሆነ። ጉድ ነው! ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ግን አልሳቁም። "አሁን ስቃችሁ ተስማሙ፤ ዘፈኑ ገንዘብ ካመጣ በኋላ አትስቁም" አሉ። ከዚያ ስፕሊት ሺት ሞላን፤ ማን ስንት እንዳለው ተጽፎ የሚፈረምበት አንድ ገጽ ነው። ዛሬ ቢሮ ውስጥ በየሳምንቱ የሚገጥመኝ ይኸው 145 ነው። የተመዘገበው ድርሻ ከመቶ ሲያልፍ ገንዘቡ ባለበት ይያዛል፤ ሰዎቹ እስኪስማሙ። የሚኮራረፉ ከሆነ ደግሞ ለዓመታት።

ሁለተኛው ጥሩ ኮርስ ውል ነው። እዚህ ላይ ሂሳብ የሚፈራ ሰው ይቸገራል፣ ግን የአራተኛ ክፍል ሂሳብ ነው። ሌብሉ፣ ማለትም አልበሙን የሚያወጣው ድርጅት፣ ለአርቲስቱ 100,000 አድቫንስ (ቅድሚያ ክፍያ) ሰጠ እንበል። የአርቲስቱ ሮያሊቲ 20 ፐርሰንት ነው። አልበሙ 300,000 አስገባ። የአርቲስቱ ድርሻ 60,000 ነው። እጁ ላይ ይደርሳል? አይደርስም። 60,000ው ለአድቫንሱ መመለሻ ይውላል። አርቲስቱ ገና 40,000 ዕዳ ይቀረዋል። ሌብሉስ? የገባው 300,000 ነው፣ አድቫንሱን ቀንሱለት፣ ሌላ ወጪውን ሳይነካ 200,000 ይዟል። የአርቲስቱ ዕዳ የሚወርደው ከራሱ 20 ፐርሰንት ብቻ ነው። ይህ ማታለል አይደለም፣ ውሉ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ደግሞ አልበሙ ቢወድቅ ሌብሉ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን መልስ አይልም፣ ኪሳራው የእሱ ነው። ግን "አልበሜ ያን ያህል ተሰምቶ እንዴት ሳንቲም አይደርሰኝም?" ብሎ ቢሮዬ በር ላይ ለሚቆም ሰው መልሱ ይኼው ነው። የቀረጻ ወጪውና የቪዲዮው ግማሽም ዕዳው ላይ ሲጨመርበት አስቡት።

በዚህ ኮርስ ላይ ስለ ብራያን ኤፕስታይንም ተምረናል። የቢትልስ ማኔጀር ነበር፤ ከዚያ በፊት የቤተሰቡን የሙዚቃ ሱቅ ነበር የሚመራው። የቡድኑን ስምና ምስል በዕቃ ላይ አትሞ የመሸጥ መብት ለአንድ ድርጅት ሲሰጥ 90 ፐርሰንቱ ለድርጅቱ ሆነ፤ 10 ፐርሰንቱ ለእነሱ። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም። ልጆቹን ከትንሽ ክለብ አውጥቶ ዓለም ላይ ያደረሳቸው እሱ ነው። የዕቃው ንግድ ግን ስንት እንደሚያወጣ ያኔ የሚነግረው አልነበረም። በሌላ በኩል ክላይቭ ዴቪስን ውሰዱ። በ1967 ኮሎምቢያ ሪከርድስ የሚባለው ሌብል ፕሬዚዳንት ሲሆን ሙያው ጠበቃ ነበር፤ ወደ ድርጅቱ የገባውም በሕግ ክፍሉ በኩል ነው። ዛሬ ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስሙ የሚጠራ የተቀረጸ ሙዚቃ ትምህርት ክፍል አለ።

ሦስተኛው የኮንሰርት ሥራ ነው። ከክፍል ይልቅ መስክ ላይ ነበርን። ከሁሉ የጠቀመኝ ሴትልመንት ነው፤ ኮንሰርቱ ሲያልቅ ፕሮሞተሩ (አዘጋጁ) እና የአርቲስቱ ሰው ጓዳ ገብተው የሚተሳሰቡት። 500 ትኬት በ20 ተሸጠ፣ 10,000 ገባ። ወጪ 4,000። የተረፈው 6,000። ውሉ "3,000 ዋስትና፣ ወይም ከወጪ ቀሪ 85 ፐርሰንት፣ የበለጠውን" ካለ አርቲስቱ 5,100 ይወስዳል። ጨዋታው ያለው "ወጪ" የተባለው ላይ ነው። ደረሰኝ የሌለው ወጪ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ተሰግስጎ ይመጣል። ያስተማረን ሰውዬ ቱር ይዞ የዞረ ሰው ነው፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ እንቅልፍ እያዳፋህ "ይሄ ምንድን ነው?" ብሎ መጠየቅን ነው ያሠለጠነን።

አሁን ወደ ሦስቱ የተቀነሱ ነጥቦች።

ማርኬቲንግ ኮርሱ ምንም አይጠቅምም። ስላይዱ ሲዲ እየተሸጠ በነበረበት ዘመን የተሠራ ነው፣ ላዩ ላይ ስለ ስትሪሚንግ ሁለት ገጽ ተለጥፎበታል። መምህሩ ራሱ ዘፈን ለቆ አያውቅም። ፈተናው "የታዋቂ አርቲስት ብራንድ ተንትን" ነው። እንዲህ ያለውን ነገር አድናቂዎች በነጻ፣ በተሻለ ይሠሩታል። ግሩፕ ወርኩንማ ተዉት፤ ሁለት ሰው ይሠራል፣ አምስት ሰው ግሬድ ያገኛል።

የበለጠ ያናደደኝ ግን ዳታ ነው። ሜታዳታን፣ ማለትም ዘፈኑ የማን እንደሆነ የሚናገረውን መረጃ፣ ያስተማሩን አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ፣ እሱንም በሴሚስተሩ መጨረሻ እየተሯሯጡ። አይ ኤስ አር ሲ ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ ነው፣ ለእያንዳንዱ ቀረጻ ይሰጣል። ያው ዘፈን በመድረክ ቢቀረጽ፣ ሪሚክስ ቢሠራ፣ ሌላ መለያ ይፈልጋል። ግጥምና ዜማው ደግሞ አይ ኤስ ደብሊው ሲ የሚባል የራሱ ቁጥር አለው። ሁለቱን ቁጥሮች በትክክል ማያያዝ ነው ገንዘቡን ከሚገባው ሰው ጋር የሚያገናኘው። ለዚህ ሙሉ ኮርስ ያንሰዋል እንጂ አይበዛበትም። እነሱ ግን ሙሉ ሴሚስተር የሰጡት "የአመራር ክህሎት" ለሚባል ነገር ነው።

ይህንን የተማርኩት ኢንተርንሺፕ ላይ ነው። አንድ ጥግ ጠረጴዛ ሰጡኝና ባለቤት ያልተገኘላቸው ክፍያዎች ዝርዝር ከፈቱልኝ። አንዱ ደራሲ ስሙ በሦስት ዓይነት የፊደል አጣጣል ገብቷል። ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ነው። በአንደኛው ስም ገንዘብ ይደርሰዋል፣ በሁለቱ የተጠራቀመው ግን ዝም ብሎ ተቀምጧል። ደራሲዎች አይ ፒ አይ የሚባል መለያ ቁጥር አላቸው፤ በእሱ አመሳክሬ ሦስቱን አንድ አደረግናቸው። ሰውየው ክፍያው ሲገባለት ደውሎ "ስህተት ነው እንዴ?" አለን። ለእኔ ከየትኛውም ኮንሰርት በላይ ያ ቀን ደስ ይል ነበር፣ ከምር። ሥራ ያገኘሁትም ከዚያው ጠረጴዛ ተነስቼ ነው።

ለመመዝገብ ካሰባችሁ ብሮሹሩን አስቀምጡትና የኮርስ ዝርዝሩን ጠይቁ። ቅጂ መብትና ውል ስንት ክሬዲት አላቸው? ማነው የሚያስተምረው፣ አሁንስ ሥራ ላይ ነው? ኢንተርንሺፕ ኮሌጁ ያገናኛል ወይስ "ፈልጋችሁ ኑ" ነው የሚለው? የእኛው "ፈልጋችሁ ኑ" ነበር፤ ዘመድ የሌለው ተማሪ ሲንከራተት ነው የከረመው። ካለፈው ዓመት ተመራቂዎች ሁለቱን አገናኙኝ በሉ። ካቅማሙ ነገሩ ገብቷችኋል ማለት ነው።

ገንዘቡ ከባድ ከሆነባችሁ ሌላም መንገድ አለ። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ የተማረችው አካውንቲንግ ነው። የመብቱን ነገር በአጭር ኮርስና ሥራ ላይ ያዘችው፤ ሂሳብ ላይ ደግሞ ሁላችንንም ታስከነዳለች። ሕግ የተማሩም አሉ። ሙዚቃ ውስጥ ለመግባት ይህ ዲግሪ የግድ አይደለም። ስለ ሙዚቀኞች ኑሮ ምንም ለማያውቅ ሰው ግን አራቱ ዓመት ከአካባቢው ጋር ያስተዋውቃል፤ ዛሬ በየድርጅቱ ስልክ የምደውልላቸው ሰዎች የያኔ የክፍል ጓደኞቼ ናቸው።

እንግዲህ ከገባችሁና የቀንና የማታ ምርጫ ካለ፣ ማታውን ውሰዱ። ሥራው ላይ ያሉት መምህራን የሚመጡት ማታ ነው።